የእማዬ ሃይላንድ

እማዬ ለጉዞው መጀመሪያ ያሰናዳችው ነገር ባዶ ሃይላንድ ነው። አጥባ፣ አድርቃ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ሻንጣዋ ግርጌ ከተተችው። "ዮርዳኖስ ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን አልመለስም" አለችኝ በስልክ። እኔ ከቨርጂኒያ ተነሳሁ፣ እሷ ከአዲስ አበባ። የጆርዳን ዋና ከተማ አማን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተገናኝተን ተላቀስን።

ጉዞው ውድ ነበር። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን አውጥቼበታለሁ። የግል መኪና ከነሹፌሩ፣ የራሳችን አስጎብኚ፣ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ በረሃ ውስጥ ደግሞ ሻወር ያለው ድንኳን። ምክንያቴ የእማዬ ጉልበት ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል። በትልቅ አውቶቡስ ከሃምሳ ሰው ጋር ተጋፍታ፣ "ቶሎ በሉ፣ ሰዓት ሄደ" እየተባለች እንድታይ አልፈለግኩም። እሷ አንድ ነገር ካየች ቆማ ነው የምታየው። ሲደክማት ቁጭ ብላ። ስምንት ቀን ሙሉ ማንም አላቻኮላትም፤ ለዚያ የከፈልኩት አንድም ቀን አልቆጨኝም።

አማን ኮረብታ በኮረብታ ላይ የተደራረበባት ከተማ ናት። ቤቶቹ ሁሉ በነጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከጥንቱ ምሽግ፣ ከሲታደሉ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ፣ ስድስት ሺህ ሰው ገደማ የሚይዘው የሮማውያን ቲያትር ከታች ተዘርግቷል። እማዬ ግን ቲያትሩን ትታ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የምታየው።

"ውይ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሮቶ!"

እውነትም በየቤቱ አናት ላይ የውሃ ታንከር ተደርድሯል። አስጎብኚያችን ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ስነግረው ፊቱ በራ። "ሐጃ ዋናውን ነገር አየች" አለ። እዚያ አገር ትልቅ ሴትን በአክብሮት ሲጠሩ ሐጃ ነው የሚሉት፤ እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያ ጠራት። ጆርዳን በዓለም ላይ ውሃ በጣም ከሚያጥራቸው አገሮች አንዷ ናት። አማን ውስጥ ብዙ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። የዚያን ቀን ሮቶ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይወለወላል። እማዬ ይሄን ስተረጉምላት እንደ ጎረቤት ወሬ ነበር የሰማችው። ፈረቃን ማን ያስተምራታል!

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረልን። ከአማን ውሃ ትልቅ ድርሻው የሚመጣው በደቡብ ካለው ከዋዲ ረም በረሃ ሥር ነው። ዲሲ የሚባል የከርሰ ምድር ውሃ አለ፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዝናብ በነበረ ጊዜ የተጠራቀመ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ቧንቧ እየተገፋ አማን ይደርሳል። የተወሰደውን የሚተካ ዝናብ ዛሬ የለም። ማታ ሆቴል ስንገባ የመታጠቢያ ገንዳው ትልቅ ነበር። እማዬ ግን አንድም ቀን አልሞላችውም። በጉዞው ሁሉ እንደዚያው ሆነች።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ሬይንቦው ስትሪት በሚሉት መንገድ ስንንሸራሸር፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ልጅ ድንገት ከኋላችን ቆመች። "ሐበሾች ናችሁ አይደል?" አለች፤ አማርኛችንን ሰምታ። የቤት ሠራተኛ ናት። ሦስት ዓመቷ። ዮርዳኖስ ወንዝ ልንሄድ መሆኑን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እማማ፣ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ነው ይላሉ። እኔ ግን አላየሁትም። እረፍት ቀን የለኝም።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እዚያ ሲደርሱ የክርስትና ስሜን ይጥሩልኝ" አለቻት። እማዬ ሁለት ጊዜ አስደግማ ያዘችው። "ስልክሽን ለልጄ ስጫት፣ የኔ ልጅ" ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

በማግስቱ የጥንቷን የሮማውያን ከተማ፣ ጀራሽን አየን። እ.ኤ.አ. በ129 ገደማ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ጉብኝት የተሠራው ቅስት በር፣ እንደ እንቁላል የሞለለው አደባባይ፣ ረድፍ የያዙት ዓምዶች፣ ሁሉም ግሩም ናቸው። የእኛ ልብ ግን ወደ ደቡብ ነበር።

ማደባ የምትባለው ከተማ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እማዬ ይሄን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፋች። ወለሉ ላይ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተሠራ ካርታ አለ። ኢየሩሳሌም አለች፣ ሙት ባሕር አለ ከሁለት ጀልባ ጋር። አስጎብኚያችን ግን ዮርዳኖስ ላይ አንዲት ዓሣ አሳየን። ወንዙ ሙት ባሕር ሊገባ ሲል፣ ዓሣዋ ዞራ ሽቅብ ትዋኛለች። ጨው ሸሽታ ነው። እማዬ ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት። "ዮርዳኖስ ወደ ኋላ ተመለሰ የሚባለውን ዓሣዋም ታውቀዋለች" አለች። በጥምቀት ስንሰማው ያደግነውን መዝሙር ማለቷ ነው። ነቦ ተራራ ላይ፣ ሙሴ ምድረ ርስትን በሩቁ አይቶ ሳይገባ ቀረበት በሚባለው ቦታ፣ ጭጋግ ነበር። ሸለቆው ብዥ ብሎ ታየን። እማዬ አልከፋትም። "እሱም ከዚህ የተሻለ አላየ ይሆናል" ብላ ቁጭ አለች።

አሁን ስለ ፔትራ፣ ከዓለት ስለተጠረበችው ጥንታዊ ከተማ ልንገራችሁ።

ጎብኚ ሁሉ የሚያስበው ግምጃ ቤት የሚሏትን ያቺን ሮዝ ፊት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወደ እሷ የሚወስደው ሲቅ የሚባል የገደል ስንጥቅ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ እጁን ቢዘረጋ ግድግዳውን ይነካል። ለእማዬ የኤሌክትሪክ ጋሪ ተይዞላት ነበር። አስጎብኚያችን ግን በሲቁ መሐል ጋሪውን አስቆመና፣ "ሐጃ እጇን እዚህ ታድርግ" አለኝ።

ግድግዳው ላይ፣ ወገቧ አጠገብ፣ የተፈለፈለ ቦይ አለ። እማዬ ጣቶቿን አስገባች። ልክ የእጅ ስፋት ነው። ውስጡ በልስን የተለሰነበት ቦታ እስካሁን ልሙጥ ነው፤ ሌላው ሻካራ አሸዋ። ትንሽ ወደፊት ሄድ ብሎ ደግሞ በሌላው ወገን ግድግዳ ውስጥ የሸክላ ቧንቧ ቁራጭ አሳየን፤ የአንዱ አፍ በሌላው ውስጥ እንዲገባ ሆኖ የተሠራ። ውሃው የሚመጣው ከሙሴ ምንጭ ነው። የአካባቢው ሰው ሙሴ ዓለቱን መትቶ ያፈለቀው ይሄ ነው ይላል። ከተማዋን የሠሩት ናባጣውያን የሚባሉ የጥንት ዓረቦች ናቸው። ዕጣንና ከርቤ ጭነው ከደቡብ ዓረቢያ የሚመጡ የግመል ቅፍለቶች በእነሱ በኩል ያልፉ ነበር። ሀብታቸው ከዕጣኑ ነው ይባላል። እኔ ግን ያንን ቦይ ከነካሁ በኋላ፣ መሠረቱ ውሃው ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃ ባይኖር ማን ግመሉን እዚያ ያሳርፋል?

የጎርፉንም ነገር አስበውበት ነበር። ሲቁ መግቢያ ላይ ግድብ ሠርተው፣ ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ቦርቡረው ጎርፉን ወደ ሌላ ሸለቆ አዞሩት። ዘመን አልፎ ግድቡ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 ድንገተኛ ጎርፍ በሲቁ ገብቶ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ግድቡ ድሮ በነበረበት ቦታ እንደገና ተሠራ። የጥንቶቹ ሰዎች ያወቁትን ለማወቅ ያን ያህል ነፍስ መጥፋቱ አሁንም ያንገበግበኛል።

ግምጃ ቤቷ ዘንድ ስንደርስ እማዬ ከጋሪው ወረደች። ወደ 40 ሜትር ቁመት አላት። አናቷ ላይ ያለው እንስራ በጥይት የተቦዳደሰ ነው፤ በዱዊን የሚባሉት የበረሃ አርብቶ አደሮች ወርቅ አለበት ብለው ይተኩሱበት ነበር። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችና፣ "ከላይ ነው የጀመሩት" አለች። አስጎብኚው ደነገጠ። እንዴት አወቀች ብሎ ጠየቀኝ። "ላሊበላን ስማ አድጋለች" አልኩት። እውነትም ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት፣ እንደ ላሊበላ። በሁለቱ መካከል ከሺህ ዓመት በላይ አለ፣ መሮው ግን በአንድ አቅጣጫ ነው የሄደው። በማግስቱ እኔ ብቻዬን ተራራው ላይ ወዳለው፣ ዴይር ወደሚሉት ሌላ ከዓለት የተጠረበ ሕንፃ ወጣሁ። ስምንት መቶ ገደማ ደረጃ ነው። እማዬ ከታች ሻይ እየጠጣች ጠበቀችኝ፤ ስመለስ ከአንዲት የበዱዊን ሴት ጋር ያለ አንድ ቃል መግባቢያ ሲሳሳቁ አገኘኋቸው።

ዋዲ ረም ላይ አሸዋው ቀይ ነው። ቀይ ስላችሁ እንደ በርበሬ። ድንኳናችን ጣሪያው ግልጽ ላስቲክ ነበር፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ኮከብ ይቆጠራል። ደስ ይላል። ግን ከዚያ ይልቅ ቀን ላይ ያየሁት በልቤ ቀርቷል። ተራራው ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አንድ አረንጓዴ መስመር አለ። በለስ፣ ሳር፣ ናና። ላዩ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ሥሩ ጥቁር ድንጋይ። የዝናቡ ውሃ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርግና ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። በዚያው መስመር ይፈልቃል። አማን የሚጠጣው ውሃም በዚሁ በረሃ ሥር፣ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተኝቷል።

ማታ ድንኳኑን የሚያስተናግዱት በዱዊኖች እሳት አጠገብ ቡና አፈሉ። ጥሬውን ቡና በብረት መጥበሻ ቆሉ፤ ገና ሳይጠቁር አወጡት። እማዬ ዝም ማለት አልቻለችም። "ንገሪው፣ ትንሽ ይቆየው" አለችኝ። ሽማግሌው ሳቁ። በእንጨት ሙቀጫ ሲወቅጡት ምት አለው፤ ዱላው ጠርዙን እየመታ ይዘፍናል። በድሮ ጊዜ ያንን ድምፅ የሰማ መንገደኛ ወደ ድንኳኑ ይመጣ ነበር አሉ። ሄል ጨምረውበት በትንሽ ሲኒ፣ ሥሯን ብቻ ሞልተው ሰጡን። ሦስት ሲኒ ነው። የመጀመሪያው የእንግዳ፣ ሁለተኛው የደስታ፣ ሦስተኛው የሰይፍ፤ ሦስተኛውን የጠጣ ከባለቤቱ ጎን ይቆማል። በቃኝ ለማለት ሲኒውን ነቅነቅ ማድረግ ነው። እማዬ ጣቷን ቀስራ፣ "አቦል፣ ቶና፣ በረካ" ብላ ቆጠረችላቸው። ሽማግሌው በተራቸው ደገሙት። "በረካ" የምትለዋን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ያቺን ቃል ማንም አልተረጎመላቸውም።

ሙት ባሕር ዳር ያለው ሆቴል ከሁሉም የተንደላቀቀ ነበር። ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው፣ ከምድር ሁሉ ዝቅ ያለው ስፍራ። ወደ ውሃው የሚያወርደው ደረጃ ረጅም ነው፤ ባሕሩ በየዓመቱ በአንድ ሜትር ያህል ስለሚወርድ ደረጃውም ይቀጠላል። የሚመግበው ዮርዳኖስ ስለደከመ ነው።

ምን ያህል እንደደከመ ያየነው በማግስቱ አል-መግጠስ ላይ ነው። ጌታ የተጠመቀበት ተብሎ የሚከበረው ቦታ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል። በሸምበቆ መሐል ሄደን ሄደን ወንዙ ብቅ ሲል እኔ ክው አልኩ። ጥቂት ሜትር ብቻ ነው ስፋቱ። ቡናማ። ድንጋይ ብወረውር የወዲያኛው ዳር ይደርሳል። እስራኤል፣ ሶሪያና ጆርዳን ከላይ እየጠለፉት ከድሮ ውሃው ከ90 በመቶ በላይ እዚህ አይደርስም። እማዬ ቅር ይላታል ብዬ ፈራሁ። ቁልቁል አየችው። "ደክሞታል" አለች፣ ስለ ታመመ ዘመድ እንደምታወራ። ጫማዋን አወለቀች። አስጎብኚያችን ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። እግሯን ነክራ የያንዳንዳችንን ስም ጠራች፤ የሞቱትንም። ከዚያ የዚያችን ልጅ የክርስትና ስም ሦስት ጊዜ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው። ሃይላንዱን ሞላችው። ሻይ ነበር የሚመስለው።

ሌሊቱን ሆቴል መስኮት ላይ ቆመ። ጠዋት ስንነሳ ላዩ ጠርቶ ነበር፤ ጭቃው ከሥር ሁለት ጣት ያህል ተኝቷል። እማዬ ከሆቴሉ ንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ፈልጋ ሳትነቀንቅ ግማሹን ለየችው።

ወደ አየር ማረፊያ ስንሄድ ሹፌሩን በአማን በኩል እንዲዞርልን ለመንነው። ደወልኩላት። ቆሻሻ ልትጥል መስላ ለአምስት ደቂቃ ወረደች፤ ከነሽርጧ። እማዬ በመኪናው መስኮት ጠርሙሱን አቀበለቻት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ ሳመችው፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

"እንዳትነቀንቂው" አለቻት እማዬ። "ሥሩ ላይ ትንሽ ጭቃ ቀርቷል።"