«ፆታ፡ ወንድ» ከማለታችሁ በፊት ሥራውን ንገሩኝ

ደብረ ማርቆስ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የተማሪ ሪሰርች፣ የሰርግ ጥሪ፣ ሁሉንም እንጽፋለን፣ ግን እኔን በጣም የምታሳስበኝ ግማሽ ገጽ የማትሞላዋ የሥራ ማስታወቂያ ናት። ሰዎች ቸኩለው ይመጣሉ፣ ቆመው እየነገሩኝ ቶሎ ጽፌ ፕሪንት አደርግላቸዋለሁ፣ ወጥተው ፖል ላይና ሱቅ በር ላይ ይለጥፏታል፣ ከዛ ፎቶ ተነስታ ቴሌግራም ላይ ትወጣለች፣ በቃ በዛች አጭር ጊዜ ውስጥ የከተማው ግማሽ ሰው ከሥራው ውጪ ሆነ ማለት ነው። ክፉ አስበው አይደለም። አብዛኛው ሰው የድሮ ማስታወቂያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እዛ ላይ «ፆታ» የምትል መስመር አለች፣ መስመሯ ስላለች የግድ መሞላት ያለባት ይመስላቸዋል።

እኔ ደሞ አሁን አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ሥራው ምንድነው?»

አንድ የእህል ነጋዴ «መጋዘን መዝጋቢ፣ ወንድ» ብለው አስጻፉኝ። ለምን ወንድ ስላቸው ኩንታል ስለሚነሳ ነው አሉ። ኩንታሉን የሚያነሳው መዝጋቢው ነው ወይ ስላቸው፣ አይ ጫኝና አውራጅ አለን እሱ ምን በወጣው አሉኝ። እንግዲህ መዝጋቢው የሚሠራው ሚዛን ማንበብ፣ የገባውንና የወጣውን መመዝገብ፣ ማታ ሂሳብ መዝጋት ከሆነ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ያለበት እሱ ነው። በእውነት ጆንያ የሚያሸክም ሥራ ቢሆን እንኳን «ከባድ ዕቃ ማንሳት አለበት» ብሎ መጻፍ ይበቃል፣ ማንሳት የሚችል ሰው ይመጣል የማይችል ይቀራል። እዚህ ሀገር እንስራ ውሃና ሸክም እንጨት በጀርባዋ ይዛ ዳገት የምትወጣዋ ማን ሆና ነው ስለ ሸክም ሴቶችን የምናስቀረው?

የማታ ሥራም እንደዛው ነው። ሪሴፕሽን፣ ፋርማሲ፣ ነዳጅ ማደያ፣ «ማታ ስለሆነ ወንድ ይሁን፣ ሕጉም ሴት ማታ አታሠሩ ይላል» ይሉኛል። ሕጉ እንደዛ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሌሊት እንዳትሠራ የሚከለክለው ነፍሰ ጡሯን ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ። ሌላዋ ሴት መሥራት ትችላለች። ስለዚህ ሰዓቱን ጻፉት፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ሰርቪስ ካለ አለ፣ ማደሪያ ካለ አለ በሉ። መምጣት አለመምጣቱን ራሷ ትወስን፣ እናንተ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ አትወስኑላት።

ደሞ ይሄ ነገር ወንዶችንም ይጎዳል። «ካሸር፣ ሴት» የማይል ማስታወቂያ ማየት ብርቅ ነው። ሴት ታማኝ ናት፣ አትጠጣም፣ ትታዘዛለች ይላሉ። ሲሰሙት ሙገሳ ይመስላል፣ ግን «ትታዘዛለች» የሚለው ቃል ውስጥ ደመወዝ ጨምሩልኝ አትልም የሚል ሐሳብ አለ፣ እኔ እንደዛ ነው የሚሰማኝ። በሌላ በኩል ከቴክኒክና ሙያ በአካውንቲንግ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ማስታወቂያዋን አንብቦ ያልፋታል። የፈለጋችሁት ታማኝነት ከሆነ ዋስ ጠይቁ፣ ከድሮ አሠሪ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ፣ እሱ ለሁለቱም ይሠራል።

የሆቴል ማስታወቂያ ላይ ግን ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ሆቴሉ ያለው አንድ ኩሽና ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለት ኩሽና ታገኛላችሁ። ከላይ «ሼፍ፣ ወንድ፣ ደመወዝ በስምምነት» ይልና ከሥሩ «ወጥ ሠሪ፣ ሴት»፣ «እንጀራ ጋጋሪ፣ ሴት»፣ «ዕቃ አጣቢ፣ ሴት» ይላል። ሼፍ የተባለው ፓስታና ሩዝ፣ በርገር ምናምን ይሠራል። ወጥ ሠሪ የተባለችው ደሞ ሽሮውን፣ ቀይ ወጡን፣ ጾም ሲሆን በያይነቱን፣ ፍስክ ሲሆን ዶሮውን ትሠራለች፣ ድስቱ የሰው ወገብ ነው የሚደርሰው፣ የሆቴሉ ደንበኛ አብዛኛው የሚበላው የሷን ነው። ማን ባለሙያ ነው ታዲያ? ቡናውም ላይ ይሄው ነው፣ ማሽኑ ጋ የሚቆመው «ባሪስታ፣ ወንድ» ይባላል፣ ከሰሉ ጋ የምትቀመጠው «ጀበና ቡና የምታፈላ ቆንጆ ሴት» ትባላለች። ሁለቱም ቡና ነው የሚያፈሉት። ስሙ ሲለያይ ደመወዙም አብሮ ይለያያል፣ ከዛ እድገቱም፣ ሼፍ የነበረ ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ሼፍ ነበርኩ ብሎ ይቀጠራል፣ ወጥ ሠሪ የነበረች ግን ሁሌም ወጥ ሠሪ ናት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል፣ ግን ሥራው ገና ከማስታወቂያው ላይ በስም ተለያይቶ ከጀመረ ተመሳሳይ መሆኑን ማን ያያል? ለሆቴል ባለቤቶች የምላቸው «የወጥ ቤት ባለሙያ፣ የሀገር ምግብ» እና «የወጥ ቤት ባለሙያ፣ የፈረንጅ ምግብ» ብላችሁ አንድ ስም ስጧቸው ነው፣ ብሩንም አጠገቡ ጻፉት።

ብሩን ጻፉት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። «ደመወዝ በስምምነት» የሚባለው ነገር ሴቶችን ነው በደንብ የሚያስቀረው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ያላት ሴት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሂሳብ መሥራት አለባት፣ ልጁን ለሚይዝላት ሰው ስንት፣ ለባጃጅ ስንት፣ ቤት ኪራይ ስንት። ደመወዙ ካልተጻፈ ሂሳቡን መሥራት አትችልም፣ ሂሳቡን ካልሠራች ደሞ ከባሏም ከእናቷም ጋር ተነጋግራ ልሞክር አትልም። ከዛም ቢሮ ገብቶ መደራደር አለ፣ «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ «እናንተ እንዳያችሁ» ነው የምትለው፣ እንደዛ ሆና ነው ያደገችው። የመውጫ ሰዓትም እንደዛው። ከምሽቱ 1 ሰዓት መውጣትና ከምሽቱ 3 ሰዓት መውጣት ለወንድ ብዙ ልዩነት የለውም ይሆናል፣ ለሷ ግን ሥራውን የመያዝና ያለመያዝ ጉዳይ ነው።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። አማርኛ ግሱ ራሱ ወንድና ሴት ይለያል፣ «የተመረቀ፣ ልምድ ያለው፣ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ስንል ፆታ የምትለዋን መስመር ብናጠፋትም ማስታወቂያው ወንድ እየጠራ ነው። አንዳንዶች «ያለው/ያላት፣ የሚችል/የምትችል» እያሉ በእዝባር ይሞሉታል፣ ይሄም ከምንም ይሻላል ግን ለማንበብ ያደክማል። ቀላሉ መንገድ ብዙ ቁጥር ነው፤ «የተመረቁ፣ ልምድ ያላቸው፣ ማቅረብ የሚችሉ»፣ ወይም በቀጥታ «መስፈርቱን የምታሟሉ»። ከዚህም የሚቀለው ግሱን ጭራሽ መተው ነው፤ «ትምህርት፡ ዲፕሎማ በአካውንቲንግ። ልምድ፡ 1 ዓመት። ዋስ፡ አንድ ሰው» ብሎ ማለፍ። አጭር ነው፣ ፖል ላይም ከሩቅ ይነበባል፣ ማንንም አይለይም።

ቃላት ሰው ያስቀራሉ ወይ ለምትሉ፣ ያስቀራሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ዳንየል ጎቸር፣ ጀስቲን ፍሪሰን እና አሮን ኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ፣ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎች ላይ ነው የሠሩት። ወንድ የሚበዛባቸው ሥራዎች ማስታወቂያ ላይ እንደ ተፎካካሪ፣ የበላይነት ያለው፣ መሪ የመሳሰሉ ከወንድ ጋር የሚያያዙ ቃላት በዝተው አገኙ፣ ሴቶችንም እንደዛ የተጻፈው ሥራ ብዙም አልሳባቸውም። ልብ በሉ፣ አልችለውም ብለው አልነበረም፣ እዛ ቦታ የኔ ዓይነት ሰው አይኖርም ብለው ስላሰቡ ነው። አንድም ቦታ «ወንድ» የሚል ቃል ሳይኖር ማለት ነው። እኛ ጋ ደሞ ቃሉ ራሱ በደማቁ ተጽፎ ይለጠፋል።

ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው አለ። እነሱም ጋ እኮ ድሮ ጋዜጣው ላይ የወንድ ሥራና የሴት ሥራ ዓምድ ለየብቻ ነበር፣ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ክርክር ሄዶ በ1973 እ.ኤ.አ. በፒትስበርግ ፕሬስ ጋዜጣ ጉዳይ ከተማው እንዲህ ዓይነቱን ዓምድ መከልከል ይችላል ተብሎ ተወሰነ። እኛ ጋም ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በሥራ ቅጥር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል፣ አዋጅ 1156 ደሞ አንቀጽ 14 ላይ አሠሪ በፆታ እንዳይለይ ይከለክላል፣ አንቀጽ 87 ላይ ጭራሽ ሴቷ ከወንዱ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ለሷ ይሰጣል ይላል። በሥራና ሙያ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፣ ብዙዎቻችን ሳንወለድ። ስለዚህ ከሌላ ሀገር የተዋስነው ነገር አይደለም።

በጣም የሚያናድደኝ «ያላገባች፣ መልኳ የሚስብ፣ ዕድሜ ከ18 እስከ 25» የሚለው ነው። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ለማድረስ ማግባቷ ምን ያደርጋል? ከማቻከል ወይ ከአነደድ ገጠር 10ኛ ክፍል ጨርሳ የመጣች ልጅ ይሄን ስታነብ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፣ ወላጆቿም ያውቃሉ፣ ጨዋ ቤት የሚፈልጉት ይቀራሉ፣ ችግር የገፋት ትመጣለች፣ የመጣችውን ደሞ ደንበኛው ማስታወቂያው እንዳያት ዓይን ነው የሚያያት። ይሄን ሲያስጽፉኝ «እታለም ምን አገባሽ ጻፊ» የሚሉኝ አሉ። ቤቱ የኔ አይደለም፣ ሁሉንም መመለስ አልችልም፣ ግን ሳልናገር አልጽፍም። «ንጽሕና የሚጠብቁ፣ ሰው በአክብሮት የሚያስተናግዱ» ብንልስ ብዬ አሳያቸዋለሁ፣ ሲያዩት እሺ የሚሉት ቀላል አይደሉም፣ በተለይ እናቶች።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ «ሴቶች ይበረታታሉ» ይላል። አልጠላውም፣ ይኑር። ግን ከላይ ያለው መስፈርት ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ተቆልሎ ከሆነ ታች ያለች አንዲት መስመር ምንም አትመልስም። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ሴት ልጆች እያስመረቀ ለጀማሪ ሥራ አምስት ዓመት ልምድ መጠየቅ፣ ወይ መስክ ለማይወጣ ሰው የሞተር መንጃ ፈቃድ መጠየቅ፣ እነዚህ ናቸው የሚያስቀሯት። መስፈርቱን አንድ በአንድ እያነሳችሁ «ያለዚህ ሥራው አይሠራም ወይ?» በሉ፣ የሚሠራ ከሆነ አውጡት።

ፆታ መጻፍ ያለበት ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ ፈታሽ ሴት መሆን አለባት፣ የሴቶች ዶርም ፕሮክተርም እንደዛው። እዛ ላይ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉት፣ «ሴት ተገልጋዮችን ለመፈተሽ» ብላችሁ፣ ማንም ቅር አይለውም።

ባለፈው ለአንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ የጻፍኩትን ላሳያችሁ፣ መጀመሪያ የመጣው «ሽያጭ፣ ወንድ፣ ንቁ የሆነ፣ ደመወዝ በስምምነት» የሚል ነበር። ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ሆነ፤ «የሽያጭ ሠራተኛ። ሥራው፡ ብሎን፣ ቀለም፣ ቧንቧ መሸጥና ቀን በቀን ሂሳብ መዝጋት። ሲሚንቶ የሚያነሳ ሌላ ሠራተኛ አለ። ትምህርት፡ 10ኛ ክፍልና በላይ። ሰዓት፡ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12፣ እሁድ ዕረፍት። ዋስ፡ አንድ ሰው። ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው።» ደመወዙንም በቁጥር አስገብተናል። ሲሚንቶ የምትለዋ መስመር የኔ ሐሳብ ነበረች፣ ምክንያቱም የግንባታ ዕቃ ሲባል መጀመሪያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ሲሚንቶ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማስታወቂያው ተስተካክሎ ስልክ የሚያነሳው ሰው ካልተነገረው ልፋቱ ገደል ነው የሚገባው። ልጅቷ ደውላ «ለሥራው ነበር» ስትል «እኛ እንኳን ወንድ ነበር የፈለግነው» ብሎ የሚዘጋ ሱቅ ጠባቂ፣ የባለቤቱ ወንድም፣ ማንም ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ አትደውልም፣ ለጓደኞቿም ትነግራለች። ስለዚህ ፕሪንት ስታስደርጉ አንድ ኮፒ ትርፍ አስደርጉና ስልኩ ለሚቀመጥበት ሰው ስጡት፣ የሚጠየቀውን ከእሱ ላይ እያነበበ ይመልስ። የአንድ ኮፒ ዋጋ ነው፣ እኔ ጋ ከመጣችሁ እሱንም አላስከፍልም።