ለእናቴ ቀሚስ፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው

በ2016 ዓ.ም. ለገና ወደ ጎንደር ስሄድ የእናቴን ቀሚስ የገዛሁት አውሮፕላን ማረፊያ ካለ ሱቅ፣ መንገደኛ ለመሳፈር ሲጠራ ነበር። በላስቲክ እንደታሸገ ሒሳቡን ከፈልሁ፤ ዘርግቼ እንኳ አላየሁትም። ቤት ስደርስ ትከሻው ጠበባት፤ ጨርቁም በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ማለትም ፈትል ሳይሆን ሳባ የሚባለው የፋብሪካ ክር ነበር። እናቴ «ያምራል» ብላ አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው፤ አንድም ቀን አልለበሰችውም። እንዝርት ስታሾር እያየሁ አድጌ ይህን መሳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዓመቱም ጊዜ አጠረኝ። ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሥራ የወጣሁት ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በረራዬ በማግስቱ ማለዳ ነበር። ከአራት ኪሎ በእግሬ ወደ ፒያሳ አቀናሁ። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ የማውቀው የባህል ልብስ ሱቅ ግን ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ጊዜ ከማባክን ብዬ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ገበያ በታክሲ ወጣሁ።

አንዲት ጠና ያሉ ነጋዴ የእናቴን ልክ ጠየቁኝ። አላውቀውም። «እንግዲያው የተሰፋ አትግዛ፤ ጨርቁን ከነጥለቱ ውሰድላቸው። እዚያው በልካቸው ያሰፉታል» አሉኝ። ሽያጭ እንዳያመልጣቸው ሳይሳሱ የሰጡኝን ይህን ምክር አልረሳውም።

ፈትል መሆኑን እንዴት እንደምለይ ስጠይቃቸው ክር መዝዘው ክብሪት ጫሩ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፤ አመዱ በጣት ሲነካ ይበተናል። እንደ ፖሊስተር ያለ ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጥና ጠጠር የመሰለ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የሚመዘዘው ደግሞ ማጉ፣ በአግድም የሚገባው ክር ነው፤ ብዙ ጊዜ ድሩ፣ በቁመት የሚዘረጋው፣ የፋብሪካ ክር ስለሆነ በእጅ መፈተሉን አያሳይም። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ጣት ያውቀዋል። ከዚያ ጥለቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት በረጠበ መሐረብ አሸሁት። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ርዝመቱን ጨመር አድርጌ ወሰድሁ። ለገና ዕለት ደግሞ ልክ የማይጠይቅ ነጠላ ጨመርሁበት።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ጨረስሁ።

እናቴ በገና ነጠላውን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ጨርቁን በበዓሉ ማግስት ለሰፊ ሰጠችው። ጥር 11 ቀን እኔ ጃንሜዳ ታቦታቱን ስሸኝ ከጎንደር ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ልክ ተቀምጧል፤ ጥለቱም ቁርጭምጭሚቷ ላይ አርፏል።