ከኤክቶር ላቮ ፊልም እስከ ሠርጋችን ዲጄ

የወንድሜ እጮኛ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ በመሆኗ፣ ለሠርጋቸው ዲጄ ከመምረጣችን በፊት «ኤል ካንታንቴ» የተሰኘውን ፊልም ዛሬ አብረን አየን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1946 በፖርቶ ሪኮዋ የፖንሴ ከተማ ተወልዶ በ1963 ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረውን፣ ከትሮምቦን ተጫዋቹ ዊሊ ኮሎን ጋርም ስሙ የገነነውን የሳልሳ (የላቲን የጭፈራ ሙዚቃ) ድምፃዊ ኤክቶር ላቮን ሕይወት ይተርካል። ድምፃዊው ማርክ አንቶኒ የላቮን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ዘፈኖቹንም ራሱ ነው የዘፈናቸው። ታሪኩ ለላቮ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ይህን ያህል ቦታ መስጠቱ ቅር ቢያሰኘኝም የመድረኩ ትዕይንቶች ልቤን ነክተውታል።

ላቮ ታላቅ የሚባለው በተለይ በዘፈኑ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ተቀባዮቹ አንዱን ስንኝ ደጋግመው ሲመልሱ እሱ እንደ አዝማሪ እዚያው እየፈጠረ ይጨምርበታል። ፓናማዊው ሙዚቀኛ ሩበን ብሌድስ የደረሰው፣ ለፊልሙ ስያሜ የሆነው ዘፈን በላቮ ቅጂ ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ የሚቆርጥ ዲጄ ዋናውን ነገር አስቀርቶታል ማለት ነው።

ማምሻውን ካነጋገርናቸው ዲጄዎች መካከል አንዱ የጆሮ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ይዞ፣ ተቀባዮቹ የሚገቡበትን ቦታ ፈልጎ አሰማንና «ከዚህ በፊት አልቆርጥም» አለን። ከጉራግኛ ጭፈራ ወደ ሳልሳ የሚሸጋገረውም ከበሮው ሳይቋረጥ ነበር። የሙሽራዋ አያት የሚወዷቸውን ዘፈኖች ዝርዝርም ጠየቀን፤ ይህን የጠየቀ ሌላ ዲጄ አልነበረም። ነገ ቀብዱን እንከፍለዋለን።