ማን ነው በር የሚከፍትለት?

ድሬዳዋ ውስጥ የሕፃናት ችሎት ላይ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኜ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሞባይል ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

የወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለን ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ አኗኗሩ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ወላጆቹ መጠየቅ ይችላል። አጥንቶ የማቅረቡ ሥራ የኔ ነበር።

ሪፖርቴን ቢሮ ቁጭ ብዬ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። አባት የለም። እናት ጫት ትቸረችራለች። «የተበተነ ቤተሰብ» አልኩና ዘጋሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው የለንደኑ ጥናት ገና ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 411 ወንድ ልጆችን ከ8 ዓመታቸው አንስቶ የተከታተለው። ልጅን ወደ ወንጀል ይገፋሉ ያላቸው፦ ድህነት፣ የወላጆች መለያየት፣ የቁጥጥር መላላት። ልጁ ሁሉንም ያሟላል ብዬ አሰብኩ። ያሟላል! ሥራ ያመለከተ ይመስል።

ዳኛዋ አንብበው ቀና አሉ።

«ማታ ማን ነው በር የሚከፍትለት?»

አላውቅም ነበር። ቀጠሮ ሰጡ። ላብ አጠመቀኝ፤ የድሬ ሙቀት ብቻ አይደለም።

ልጁ የሚኖርበት ሰፈር፣ ገንደ ቆሬ ሄድኩ። እናትየው ማታ 5 ሰዓት ነው የምትገባው። «እስከ አምና በር የምትከፍትለት እናቴ ነበረች» አለችኝ። አያትየዋ ምሽት ላይ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ትቀመጣለች። ልጁ ሳይገባ አትነሳም። እሷ ስትሞት ቤቱ ጨለማ ሆነ። ልጁም ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ከሚያመሹት ትልልቅ ልጆች ጋር ዋለ አደረ። አባትየው ከሄደ እኮ 8 ዓመቱ ነው! እኔ የጻፍኩት የድሮውን ነው። ልጁን ያጎደለው የአምናው ነበር።

ሰፈሩ «አዴ» (እናት እንደማለት) የሚላቸው ጎረቤት ከውጭ ሲሰሙን ቆይተው ገቡ።

«እኔ ቤት ያምሻ።»

«እስካሁን ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«አቦ፣ ማን ጠየቀኝ?»

በቀጠሮው ቀን አዴ ችሎት ቀረቡ። ሕጉ ልጁን ለታመነ ሰው በአደራ መስጠት ይፈቅዳል፤ ተረካቢው በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ፈረሙ። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ልጁን በጆሮው ያዝ አድርገው፦

«አንድ ሰዓት ካለፈ በሬን አልከፍትም። ሰማህ?»

«ሰዓት የለኝም፣ አዴ።»

«የመግሪብ አዛን ትሰማ የለ!»

ልጁ ሲስቅ ያኔ ገና ማየቴ ነው።