መጋረጃው ስንት ነው?

ቦርሳ ሰፊ ነኝ። ቆዳ መቁረጥ፣ ዚፕ መግጠም፣ የተጣመመ ስፌት ፈትቶ እንደገና መምታት አያቅተኝም። የሚያቅተኝ ቦርሳውን ይዤ ሰው ፊት ወጥቼ «ግዙኝ» ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ታናሽ እህቴ የገበያ ክፍሉን በገዛ ፈቃዷ የተረከበችው። የሾማት ሰው የለም። ስልኬን ነጥቃ የኢንስታግራም ገጽ ከፈተችና «በል፣ አሁን ነጋዴ ሆንክ» አለችኝ።

ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምር የሚቀበለው ካሬ ፎቶ ብቻ ነበር አሉ፤ ሌላ ቅርጽ የፈቀደው በ2015 ነው። ምነው ባልፈቀደ! አሁን ወርዱን ከቁመቱ እያነጻጸረች ለፖስት 4 በ5፣ ለስቶሪና ሪልስ ለሚባለው አጭር ቪዲዮ 9 በ16፣ ፒንተረስት ለሚባለው ሌላ የፎቶ መድረክ ደግሞ 2 በ3 ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ በሜትር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን አንዱ ጋ ማንጠልጠያው፣ ሌላው ጋ ቂጡ የተቆረጠ ቦርሳ ሳይ ስልኩን ራሱን ልለካው ምንም አልቀረኝም።

ብርሃኑ ደግሞ ባሰ። የአምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላል፣ በመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ። ካሜራው ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ቡናማው ቦርሳዬ በአንድ ጎኑ ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። እህቴ አምፖሉን አጠፋች፤ የስፌት ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር ጎተተች፤ ስስ ነጭ መጋረጃ ሰቀለች። መጋረጃው ፀሐዩን ስለሚበትነው ጥላው ይለሰልሳል። በማዶ በኩል ነጭ ካርቶን አቆመችና ብርሃኑን መልሳ ወደ ቦርሳው ላከችው። እውነት ለመናገር ፎቶው አማረ። ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ፖስት ተደረገ። መጀመሪያ ልብ መጣ፣ ከዚያ «ዋው»፣ ከዚያ ስጠብቃት የነበረችው ቃል፦ «ዋጋ?»

እህቴ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብላ መለሰች። (ዋጋ ደብቆ ሰው ማባበል ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ግን ክፍሉ የእሷ ነው።) ሴትዮዋ በውስጥ መስመር መጡ።

«የመጋረጃውን ማለቴ ነው።»

ሌሎቹም ተከተሉ። «መጋረጃው ሌላ ቀለም አለው?» «ለሰፊ መስኮት ይበቃል?» ስለ ቦርሳው የጻፈ አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም «ቦርሳውን ገለል አድርጋችሁ መጋረጃውን ብቻ አንሱልን» ነው ያለው።

ከፎቶው ሥር «የሚሸጠው ቦርሳው ነው» ብዬ ጨመርኩ። ኢንስታግራም ደግሞ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ቃላት በኋላ ያለውን ይሸፍነዋል፤ የእኔዋ ዓረፍተ ነገር እዚያው ተሸፍና ቀረች። ስቶሪ ላይም አወጣናት፤ ማንም ልብ ሳይላት 24 ሰዓቷ ሞልቶ ጠፋች። እህቴ «ቪዲዮ ነው የሚያዋጣው» አለችና ሪልስ ሠራች። ሪልስ ቁመታም ነው። ከላይ ያለውን ቦታ ሁሉ መጋረጃው ወረሰው፤ ቦርሳዬ ከታች ንፋስ እንዳይወስደው የተጫነበት ድንጋይ መስሎ ቁጭ አለ። ተመልካቹ ከፎቶው በለጠ። የመጋረጃው ጠያቂም እንደዚያው።

ቆዳ ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ መስኮቱ ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

«ተሸጠ!» አለች እህቴ በደስታ። «ሴትዮዋ የተሰቀለውንም ቢሆን እወስዳለሁ ብለው ለመኑኝ። አየህ? ይሠራል ብዬህ አልነበር?»

የገጻችን የመጀመሪያ ሽያጭ ይህ ነው። ምን ይባላል? ብሩን ተቀበልኩ።

በማግስቱ አዲስ ቦርሳ ያለ መጋረጃ ተነሳ። ፀሐዩ በቀጥታ ገብቶ አንዱን ወገን አነጣው፣ ሌላውን አጨለመው፤ የመስኮቱ ፍሬም ጥላም ኪሱ ላይ መስቀል ሠራ። እንዲያም ሆኖ ብዙ ሳይቆይ «ዋጋ?» የሚል መጣ። እህቴን ቀድሜ ዋጋውን፣ የቆዳውን ዓይነት፣ ቁመትና ወርዱን፣ ስንት ኪስ እንዳለው ሳይቀር ዘርዝሬ ጻፍኩ።

«ይቅርታ፣ ጠረጴዛውን ፈልጌ ነው» አለኝ።

ቀና ስል እህቴ የስፌት ጠረጴዛዬን እየዞረች እግሩን ነካ ነካ ታደርጋለች። ሄጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።