የሲ6 ወታደር

ዛሬ ቼዝ ስጫወት ነጭ ስለደረሰኝ በዲ4 ከፈትኩ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይጠራል)። የንግሥቲቱን ወታደር መግፋት ብዙዎችን ያሰለቻቸዋል፤ ኢ4 ገፍተው ቶሎ ንጉሥ ማሳደድ ነው የሚወዱት። እ.ኤ.አ. በ1927 ካፓብላንካና አሌክሂን ቦነስ አይረስ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥሙ ከ34ቱ ጨዋታ 32ቱ ዲ4ን ሲ4 በሚከተልበት አከፋፈት፣ በንግሥት ጋምቢት፣ ነበር የተጀመሩት። ተመልካቹ ሳይሰለች አልቀረም፤ እኔ ብሆን ግን ከወንበሬ አልነሳም ነበር።

ተጋጣሚዬ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሲ4 ስገፋ ዲ5 ላይ ያቆሙትን ወታደር በኢ6 ደገፉ። ዲ5 ላይ ወታደር ተለዋወጥንና በሰያፍ የሚሄደውን ቢሾፔን ጂ5 አስቀምጬ ፈረሳቸውን ንግሥታቸው ላይ አሰርኩት፤ ፈረሱ ከተነሳ ንግሥቲቱ ለቢሾፔ ትጋለጣለች። ይሄኔ ሌላውን ፈረስ ዲ7 አኖሩና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የዲ5 ወታደር ጠባቂ ያጣች ትመስላለች። ወጥመዱ የቆየ ነው፦ በፈረስ ብበላት የታሰረው ፈረስ ንግሥቱን ጥሎ ፈረሴን ይበላል፤ እኔ ንግሥቲቱን ስወስድ ቢሾፓቸው ቢ4 ላይ ቼክ ብሎ ንጉሤን ያጠቃል፤ መከለያዬ የራሴ ንግሥት ብቻ ናት፣ እሷም ትበላለች። ሒሳቡ ሲወራረድ በአንዲት ወታደር ፈረስ ሰጠሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሳልበላት ኢ3 ገፋሁ። ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ደስ የሚለኝ። በንግሥቲቱ ክንፍ እኔ ሁለት ወታደር አለኝ፣ እሳቸው ሦስት። በሁለት ሦስቱን ማጥቃት ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ቢ4፣ ከዚያም ቢ5 ሲገፋ ጥቁሩ ምርጫው ሁሉ መራራ ነው። ቢበላ የዲ5 ወታደሩ ብቻዋን ትቀራለች፤ ዝም ቢል ሲ6 ላይ ወታደር ስንለዋወጥ እዚያ የምትቀረው ወታደሩ ደጋፊ አጥታ ዕድሜ ልኳን ሩክ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ቁራጭ፣ ታስጠብቃለች። እሳቸው ዝም አሉ። ሁለቱም ሩኮቻቸው ሲ መስመር ላይ ተደረደሩ። ሰዓታቸው አልቆ በየእርምጃው በምትጨመረው 30 ሰከንድ መኖር ሲጀምሩ፣ ቁራጭ ያነሱበት እጃቸው ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይ ነበር።

ሲ6ን አልበላኋትም። ሩኮቹ እዚያው ተቸክለው ሳለ መሀል ላይ ኢ4 ገፋሁ፤ ዲ5ም አብራ ተናጋች። ብዙ ሳይቆዩ መሸነፋቸውን አምነው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ከጨዋታው በኋላ ቁራጮቹን መልሰን ደረደርን። «ያቺን ወታደር ጥዬልህ ሩኮቼን ወደ ንጉሥህ ባዞር ኖሮስ?» አሉኝ። «ይሞክሩት» አልኳቸው። ሞከሩት፤ ሲ6ን በላሁ፣ እሳቸው ግን ሩካቸውን በስድስተኛው ረድፍ አሻግረው ንጉሤ ፊት ገተሩት። ለዚያ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።