ሠርግ በአንድ ቅጽ አይመዘገብም

ባህላዊ ቅርስ ሲመዘገብ፣ ሠርግ እንዳለ "አንድ ቅርስ" ተብሎ ቅጹ ላይ ሲሞላ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሽማግሌ መላኩ፣ ጥሎሹ፣ ዘፈኑ፣ የሚዜዎቹ ሥራ፣ ምላሹና ቅልቅሉ ለየብቻ ይጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ይጠየቅ፦ ይህ የሚደረገው በማን አካል ላይ፣ በማን ፈቃድ ነው?

ብር አምባርን እንይ። ስሙ የጌጥ ነው፤ በሠርግ ላይ ትርጉሙ ግን ድንግልና ነው። በድሮው ሥርዓት ሚዜዎቹ ደጅ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ደም የነካው ነጭ ጨርቅ ሲወጣ ጭፈራው ይደምቃል፣ ብሥራቱ ለወላጆች ይደርሳል። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ከወጣ ልጅቷ ተዋርዳ ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ትችላለች። በመጀመሪያ ግንኙነት የማይደሙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ጨርቁ ስንቷን በሐሰት መስክሮባታል! ስለዚህ ዜማው ይቀዳ፣ ግጥሙ ይጻፍ። ጨርቅ ማሳየቱ ግን ይጠበቅ ከሚባለው ዝርዝር ይውጣና፣ ያደረሰው ጉዳት ተጽፎ በታሪክነት ይቀመጥ። ጨርሶ መሰረዝም ያስተዛዝባል፤ ነገ "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም" የሚል ይነሳል።

ሕጉም መንገድ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት በአንቀጽ 2 ከሰብአዊ መብት ሰነዶች ጋር የሚስማማውን ቅርስ ብቻ ይቀበላል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ቅርስ እንዲጠበቅ ያዛል፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ በሴቶች አካልና አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ልማድን ይከለክላል።

ጠለፋ ላይ ስህተቱ የሚገባው በዕርቁ በኩል ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ክሱ ይቀር ነበር። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ጋብቻም አያስቀረውም። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፤ የተጠለፈች ልጅን በካሳ ማስታረቅን ግን የሽምግልና ምሳሌ አድርጎ መመዝገብ ወንጀልን መሸፈን ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማቷ አጠገቧ የተቀመጠች ሙሽራ የምትመልሰው የአማቷን መልስ ነው። ሴት ጠያቂ ትመደብ፣ ቦታው የተለየ ይሁን፣ አሮጊትም ወጣትም ትጠየቅ። ቅርሱ እንዲመዘገብ የሚሰጠው የፈቃድ ፊርማ ከወንዶች ሽማግሌዎች ብቻ ከተሰበሰበ ገና ግማሹ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ውስጥ ሲንቄ አለች። እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት በትር ናት። አንዷ ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩም ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። ስለ ሲንቄ የምትጠየቀውም በትሩን የያዘችው ሴት ናት።